የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለጃፓን ሠርግ የሚያስለቅሰው ዘፈን የቱ ነው?

ጥያቄ፦ ጃፓናዊት እጮኛዬን በቅርቡ ኦሳካ ውስጥ አገባለሁ። አዳራሹ የዘፈን ዝርዝር የምንሞላበት ቅጽ ሰጠን፤ ከ15 በላይ ባዶ መስመር አለው። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከላይ ወደ ታች አትሙሉት። ሂሮኤን የሚባለው የጃፓን የሠርግ ግብዣ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ዕንባ የሚመጣው ግን ከዚያ ውስጥ በ3 ቦታ ነው። አንደኛው ቹዛ ነው፤ ሙሽሪት ልብስ ልትቀይር ከእናቷ፣ ከአያቷ ወይም ከእህቷ ጋር ተያይዛ የምትወጣበት። ሁለተኛው ለወላጆቿ የጻፈችውን ደብዳቤ የምታነብበት፣ ሦስተኛው ወላጆች አበባና ስጦታ የሚቀበሉበት ነው። መጀመሪያ እነዚህን 3 መስመሮች ሙሉና የተረፈውን ለምግቡና ለኬኩ አከፋፍሉት። ከላይ የጀመረ ሰው በጣም የሚወደውን ዘፈን ሾርባ ሲቀርብ ያባክነዋል፤ ሹካና ሳህን በሚንኳኳበት ሰዓት ማንም አይሰማውም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ያለ ዕረፍት ስለሚከታተሉ ሁለቱንም በዘገምተኛ የፍቅር ዘፈን አትሙሏቸው። ደብዳቤው በፒያኖ ብቻ ከታጀበ፣ ለአበባው ድምፃዊ ያለበት ዘፈን ሲገባ ለውጡ ራሱ ሰውን ይነካል።

ጥያቄ፦ ሙሽራዋ ከአያቷ ጋር ነው የምትወጣው። በልምምድ ላይ አዝማቹ የገባው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነበር። ምን እናድርግ?

መልስ፦ የብዙዎቹ የጃፓን ዘፈኖች አሠራር ተመሳሳይ ነው፦ ሁለት ዝግ ያሉ ክፍሎች ይቀድሙና ሳቢ የሚሉት አዝማች ይከተላል። በዝግተኛ ዘፈን ይህ አዝማች ብዙውን ጊዜ ከ1 ደቂቃ በኋላ ነው የሚመጣው። መድረክ መሪው የአያትን ስም ሲጠራ፣ አያት ደንግጠው ሲነሡ፣ ሙሽሪት ወርዳ እጃቸውን ስትይዝ በአንድ ላይ 1 ደቂቃ ይሄዳል። ስለዚህ ሙዚቃው ስማቸው እንደተጠራ ወዲያው ይነሣ፤ አዝማቹ እጅ ለእጅ በተያያዙበት ሰዓት ይደርሳል። ከመጠራታቸው በፊት ከተነሣ ግን የመድረክ መሪው ድምፅና የዘፋኙ ድምፅ ይጋጫሉ።

ርቀቱን አስቀድማችሁ በእግር ለኩት፤ በወጣት ሳይሆን በአያት እርምጃ። ከመቀመጫ እስከ በር፣ ፎቶ የሚያነሡትን ዘመዶች ጨምሮ፣ 3 ደቂቃ ያህል ያዙለት። ለድምፅ ባለሙያው «አዝማቹ ከ1፡05 ይጀምራል፣ እጅ ሲያያዙ ይድረስ» ብላችሁ በሰዓት ጻፉለት፤ «ደስ በሚለው ቦታ» ብትሉት የሱ ደስታና የናንተ ይለያያል። አያት በሩ ላይ ዞረው እጅ ሲነሡ ሙዚቃው በአንዴ እንዳይቋረጥ፣ በሩ እስኪዘጋ ድረስ በዝግታ እንዲቀንስ ንገሩት።

ጥያቄ፦ ለደብዳቤው «ኢቶ» የተሰኘውን የናካጂማ ሚዩኪን ዘፈን መርጠናል፤ እህቴ ግን አይሆንም አለች። ለምን?

መልስ፦ ዘፈኑ ራሱ ድንቅ ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አልበም ላይ የወጣ ሲሆን (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንዲሁ ናቸው)፣ ሁለት ሰዎችን እንደ ድርና ማግ እያመሳሰለ አንድ ጨርቅ ይሸምናቸዋል። እህትዎ ልክ የሚሆኑት ድምፃዊው ያለበትን ቅጂ ካሰባችሁ ነው። ጆሮ ሁለት ንግግር እኩል አይከተልም፤ ሙሽሪት «እማዬ» ስትል ዘፋኟም አንድ ቃል ካለች ከሁለቱ አንዱ ይጠፋል። በፒያኖ ብቻ የተሠራውን ውሰዱ። የሙዚቃ ሳጥን ቅጂም በብዛት ይገኛል፤ ድምፁ ቀጭን ስለሆነ ከንግግር ጋር አይጋፋም፣ ግን ለሕፃን ማስተኛ ይመስላል የሚል ሰው አይጠፋም። ምርጫው ለእኛ ከሆነ ፒያኖውን እንወስዳለን።

አሁን ሰዓቱን አስሉ። ረጋ ያለ ንባብ በደቂቃ 300 ያህል የጃፓን ፊደል ነው፤ 900 ፊደል ያለው ደብዳቤ 3 ደቂቃ ይሆናል፣ ልቅሶ ሲገባበት 4 ወይም 5። ዘፈኑ ቀድሞ ካለቀ ባዶው ጸጥታ የሚወድቀው ምስጋናው ላይ ነው። ያው ሙዚቃ ዞሮ እንዲጀምር ወይም በዚያው መሣሪያ የተሠራ ሌላ ዜማ እንዲቀጥል አስቀድማችሁ አዝዙ።

የድምፁ ልክ ደግሞ እንዲህ ይሁን፦ ንባቡ ሳይጀመር ለ10 ሰከንድ በሙሉ ይሰማ፣ የመጀመሪያዋ ቃል ስትወጣ ከድምፅዋ ሥር ይውረድ፣ የመጨረሻዋ ቃል እንዳለቀች እንደገና ከፍ ይበል። እስከዚያ የታገሠ እንግዳ የሚሸነፈው እዚህች ላይ ነው። ማይክሮፎኑን ብዙ ጊዜ የሚይዘው ሙሽራው ነው፤ እሱም ማልቀስ ሲጀምር እጁ ይወርዳል፣ ደብዳቤውም አብሮ ይጠፋል። ከአፏ አንድ ጭብጥ ያህል አርቆ እንዲይዝና ክርኑን ከጎኑ እንዲያጣብቅ ምከሩት።

ለአበባው ደግሞ የፉኩያማ ማሳሃሩ «ካዞኩ ኒ ናሮ ዮ» (የ2011) ሁነኛ ነው፤ ቤተሰብ እንሁን እያለ አባትን፣ እናትንና አያቶችን ያነሣል። ሙሽሪት ስትወለድ በነበራት ክብደት ልክ የተሠራ አሻንጉሊት የምትሰጡ ከሆነ እናት አቅፋው ትቆያለችና አዝማቹ ረዘም ያለ ዘፈን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ዜማው የሚያምር ግን ለሠርግ የማይሆን ዘፈን እንዴት እንለያለን?

መልስ፦ ግጥሙን እስከ መጨረሻው ስንኝ አንብቡ፤ አዝማቹን ብቻ ያነበበ ሰው ይሳሳታል። ጃፓኖች ለሠርግ ኢሚኮቶባ የሚሏቸው የተከለከሉ ቃላት አሏቸው፦ መለያየት፣ መቆረጥ፣ ማለቅ፣ መመለስ የመሳሰሉት። በዘፈን ውስጥ ሁሉም እንግዳ አይከታተላቸውም፤ አዛውንት ዘመድ ግን ይሰማል። በመሣሪያ ብቻ ቢሠራም ማምለጫ የለም፤ ዜማውን የሚያውቅ ሰው ግጥሙን በልቡ ይዘፍነዋል።

የኡታዳ ሂካሩ «ፈርስት ላቭ» (1999) ለስላሳ ቢሆንም የመለያየት ዘፈን ነው፤ ተዉት። «ናዳ ሶሶ»ን ሞሪያማ ርዮኮ የጻፈችው የሞተ ወንድሟን እያሰበች ነው፤ ከሙሽሮቹ አንዱ ወላጁን በሞት አጥቶ እሱን ለማስታወስ አውቆ ካልመረጠው በስተቀር አይሆንም። «ቶይሬ ኖ ካሚሳማ» (2010) ስለ አያት ስለሆነ ለቹዛ የሚያስቡት አሉ፤ መጨረሻው ላይ አያት ይሞታሉ፣ ዘፈኑም 10 ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ያማጉቺ ሞሞኤ በ1977 የዘፈነችው «ኮስሞስ» በነገው ዕለት የምታገባ ልጅ ስለ እናቷ የምትናገረው ነው፤ ለወላጆች ትውልድ ተስማሚ ነው፣ ግን ግጥሙ ውስጥ እናትየዋ ታስላለች። የሙሽሪት እናት ታመው ከሆነ ዝለሉት።

የሂቶቶ ዮ «ሀናሚዙኪ» (2004) ግን ሳይገባው ይከሰሳል። በአሜሪካ ላይ የተፈጸመውን የመስከረም 11 ቀን 2001ን ጥቃት ተከትሎ የተጻፈ መሆኑ እውነት ነው፤ ምኞቱ ግን አንተና የምትወዳት 100 ዓመት ዝለቁ የሚል ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምርቃት አናውቅም።

ጥያቄ፦ ዘፈኖቹን ከስልካችን ማጫወት አንችልም?

መልስ፦ ጃፓን ውስጥ አብዛኛው አዳራሽ እምቢ ይላል። የአዳራሹ ውል የዘፈን ደራሲዎችን መብት ከሚያስተዳድረው ከጃስራክ ጋር ነው፤ የሚሸፍነውም ማጫወትን እንጂ መቅዳትን አይደለም። በባዶ ሲዲ ላይ የገለበጣችሁት ወይም በሠርግ ፊልም ላይ የለጠፋችሁት ዘፈን ቅጂ ነው፤ ከደራሲውም ከአሳታሚውም ፈቃድ ይፈልጋል። ስልክ ላይ የምትሰሙበት አገልግሎት ደግሞ ለግል ጥቅም ብቻ የተፈቀደ ነው። በ2013 የተቋቋመው አይሳም የተባለ ተቋም ለሠርግ የሚሆነውን የቅጂ ፈቃድ ያስጨርሳል፤ የሚሠራው ግን ለተመዘገቡ ዘፈኖችና በተመዘገቡ ድርጅቶች በኩል ነው። ዘፈናችሁ ከሌለበት ፊልሙን ያለ ድምፅ አስጀምራችሁ ዋናውን ሲዲ ጎን ለጎን ማጫወት ይቻላል፤ በ1 ወይም 2 ሰከንድ መዛባቱ ስለማይቀር ፎቶዎቹን ከምት ጋር አታጣብቋቸው።

ሲዲውን ስትገዙ ያው ዘፈን በአልበሙና በነጠላው ላይ የተለያየ መግቢያ ሊኖረው ስለሚችል የለካችሁበትን ራሱን ግዙ፤ ቅጹ ላይም የትራኩን ቁጥር ጻፉ።

ጥያቄ፦ የኔ ወላጆች ጃፓንኛ አይሰሙም። ደብዳቤው በአስተርጓሚ ይነበብ?

መልስ፦ አይነበብ። አንቀጽ በአንቀጽ ከተተረጎመ 3 ደቂቃው 6 ይሆናል፤ ሙዚቃውም ስሜቱም ይበጣጠሳል። የአማርኛውን ትርጉም በወረቀት አሳትሙና ሙሽሪት ልትነሣ ስትል ለወላጆችዎ ያድርሱላቸው፤ ቀድሞ ከደረሳቸው ምግቡ ላይ አንብበው ይጨርሱታል። ፊደሉ ተለቅ ይበል፤ በዚያ ሰዓት አዳራሹ መብራቱን ዝቅ ያደርጋልና።