ጥገናው ከአራስ ቤት ጋር ሲጋጭ፦ ልደታ ለምትኖረው እህታችን

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ጥያቄሽን ላላነበቡት ባጭሩ ላስቀምጠው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ተከራይተሻል። የመታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ያንጠባጥባል። የላቫንዲኖው ቧንቧ ከሥር ያፈሳል። ሳሎን ያለው አንዱ ሶኬት ደግሞ እሳት ይረጫል። አከራይሽ ጋሼ ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ሠራተኛ ይዘው የሚመጡት እሑድ ጠዋት ነው፣ ያውም ሳይደውሉ። እናትሽ ሊያርሱሽ መጥተዋል፣ እሑድ ጠዋት ግን ቅዳሴ ስለሚሄዱ ብቻሽን ከሁለት ልጅ ጋር ነሽ። ትንሿ ሁለት ወሯ ነው፣ ክርስትናዋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ትልቁ ስድስት ተኩል ላይ ከኬጂ ይመለሳል። ባለቤትሽ ክፍለ ሀገር ነው የሚሠራው። "ሳላስቀይማቸው እንዴት ቀጠሮ ላስይዛቸው? ቤት ባልኖርስ ቁልፉን ለጥበቃ ልስጥ?" ብለሻል።

እኔ ከትዳሬ ጀምሮ ተከራይ ነኝ። አራት ኪሎ አከራያችን እዚያው ግቢ በሚኖሩበት ቤት፣ ከዚያ ካዛንቺስ፣ አሁን ደግሞ ባለቤቱ ውጭ ሀገር ያለ ኮንዶሚኒየም። ልጆቼን የወለድኩት በኪራይ ቤት ነው። ስለዚህ ነገሩን አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ሶኬቱ። እሱ ቀጠሮ የሚያዝለት ነገር አይደለም። አሁኑኑ የዚያን መስመር ብሬከር አውርጂ። የትኛው እንደሆነ ካላወቅሽ ዋናውን አውርጂና ጎረቤት ጠርተሽ ለዩት። ከዚያ ለጋሼ ደውዪ። "ሶኬቱ እሳት ረጭቷል፣ ቤት ውስጥ ሕፃን አለች። ዛሬ ኤሌክትሪሺያን እኔ ልጥራ ወይስ እርስዎ ይልካሉ?" በያቸው። የሚመርጡት ማን እንደሚጠራ ብቻ ነው። ዛሬ መሆኑ ላይ ድርድር የለም። ይሄ ግን ለሁለታችሁም ነው የሚሠራው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን በደህና ሁኔታ የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል። ተከራይም አስቸኳይ ጥገና ሲመጣ "እንግዳ አለብኝ" ብሎ በር መዝጋት አይችልም። ቀጠሮ የምንለው ለማይቸኩለው ሥራ ነው። ያንቺ ቤት ውስጥ የማይቸኩሉት ሁለቱ ፍሳሾች ናቸው።

አሁን ወደ ቀጠሮው። ብዙ ሰው ቀጠሮ የሚበላሸው አከራይ ክፉ ስለሆነ ይመስለዋል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። አከራይ ለቧንቧ ሠራተኛው ይደውላል። ሠራተኛው "ነገ" ይላል። አከራይ ላንቺ መናገሩን ይረሳል። ወይ ይነግርሽና ሠራተኛው በማግስቱ የሚሻል ሥራ አግኝቶ ይቀራል። አንቺ ቡና አፍልተሽ ትጠብቂያለሽ፣ አከራይ ሥራው አለቀ ብሎ ያስባል። መሐል ላይ ያለው ሰው በበዛ ቁጥር ወሬው ይጠፋል። ስለዚህ የሠራተኛውን ስልክ ያዢ። "ጋሼ፣ እርስዎን በየሰዓቱ ከማስቸግር የልጁን ስልክ ይስጡኝ፣ መንገዱን እኔ አሳየዋለሁ" ብትያቸው ደስ ነው የሚላቸው። አንድ ነገር ግን እዚያው ጨምሪ፦ "ዋጋ ከእርስዎ ጋር ነው፣ እኔ ሰዓት ብቻ ነው የምነጋገረው።" አከራይ የሚፈራው ተከራይና ሠራተኛ ተመሳጥረው ሂሳብ እንዳይቆልሉበት ነው። ይቺን ፍርሃት ካነሳሽላቸው እሑድ ጠዋት ራሳቸው የሚመጡበት ምክንያትም ይቀንሳል። አብዛኛውን ጊዜ እኮ የሚመጡት ሊቆጣጠሩ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ "መቼ ይመችዎታል?" ብለሽ አትጠይቂ። ይሄ ጥያቄ እሑድ ጠዋትን ነው የሚያመጣልሽ። ሁለት ቀን ከነሰዓቱ አንቺው አቅርቢ። "ማክሰኞ ወይም ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት" በይ። በቃ። ምክንያት መደርደር አያስፈልግም። ልጅ ታሟል ምናምን ብሎ መዋሸትማ ጭራሽ አያስፈልግም። እኛ ሀገር ይሉኝታው ብዙ ነው፣ ተከራይ ሲሆኑ ደግሞ ይብሳል። ግን አራስ መሆንሽን የማያከብር ሽማግሌ እስካሁን አላየሁም። "እሑድ ጠዋት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ብቻዬን ነኝ" በቂ ነው።

ሁለቱን ቀኖች እንዴት ትመርጫለሽ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው።

የውኃ ፈረቃችሁን እይ። ቧንቧ ሠራተኛ ውኃ በሌለበት ቀን ቢመጣ ይጠግናል፣ ግን አይፈትሽም። አራት ኪሎ እያለን አንዱ እንዲህ ደረቅ ቧንቧ ላይ አጥብቆ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ሌሊት ውኃ ሲመጣ ማብሰያ ቤቱ ኩሬ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ውኃ ባለበት ቀን ካልሆነ ወይም ሮቶው ሞልቶ ካልሆነ አልቀጥርም። ሊሠራ ሲጀምር ዋናውን መዝጊያ ስለሚዘጋው ደግሞ ለሕፃኗ የሚሆን ውኃ በጀሪካን ቀድመሽ ያዢ። ውኃው የሚፈሰው ከቆጣሪው በፊት ከሆነ ግን የጋሼም የሠራተኛውም ጉዳይ አይደለም፣ የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው፣ 906 ላይ ትደውያለሽ።

የእንጀራ ቀንሽን እይ። የመብራት ሥራ ካለ እናትሽ በሚጋግሩበት ቀን አይሁን። ሊጡ ኩፍ ካለ ኤሌክትሪሺያን አይጠብቅም።

የክትባት ካርዷን እይ። ሁለት ወር ከሆናት የአሥር ሳምንቱ ክትባት እየደረሰ ነው። በዚያ ቀን ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ነሽ፣ ማታ ደግሞ ሊያተኩሳት ይችላል። በዚያ ቀንና በማግስቱ ማንም መዶሻ ይዞ እንዳይመጣ።

የሠራተኛውንም ቀን እይ። ብዙ ባለሙያዎች በወሩ 12፣ በ21 እና በ29 አይሠሩም፤ ሚካኤል፣ ማርያም፣ በዓለ ወልድ ነው። ሙስሊም ከሆነ ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ጁምዓ አለበት፣ ዓርብን ተይው ወይም በጠዋት ይጨርስ። በዓል ሲቃረብ፣ በተለይ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ፣ ከተማው በሙሉ ቤቱን የሚያስቀባው ያኔ ስለሆነ ሰው አታገኚም። እነዚህን አውጥተሽ የሚተርፍሽ ጠባብ ነው፣ ግን የሚተርፈው እውነተኛ ቀጠሮ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ያልኩሽም ለዚህ ነው። የላቫንዲኖ ሥራ ልጅሽ ከኬጂ ከመምጣቱ በፊት ያልቃል። ዕቃው የሚገዛ ከሆነ ግን በፊት በነበረው ቀን ፎቶ አንስተሽ ላኪለት፣ ይዞት ይምጣ። መንገዱ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሲዘጋጋ መርካቶ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ሲበላ አይቻለሁ።

ጣሪያው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። በኮንዶሚኒየም የመታጠቢያ ቤት ጣሪያ ሲያንጠባጥብ ውኃው ብዙ ጊዜ ከላይኛው ቤት መታጠቢያ ነው። ስለዚህ ጋሼ ያንቺን ጣሪያ ቢያስለስኑ ገንዘብ መድፋት ነው። ቀጠሮው መጀመሪያ ከአራተኛ ፎቅ ጋር ነው። የላይኛዋ ጎረቤትሽም ተከራይ ከሆነች የእሷም አከራይ ሊመጣበት ነው፣ እሷም ልጅ ይኖራታል፣ እሷም ሥራ ትሄዳለች። በአከራዮቹ በኩል ብቻ ከሄደ ወር ይፈጃል። አንቺ ግን ደረጃ ወጥተሽ በሯን ታንኳኪያለሽ። ይቅርታ፣ አራስ ነሽ፣ እናትሽን ላኪ። እናቶች ይሄን ከእኛ በተሻለ ይሠሩታል። እምቢ ካለች ወይም ባለቤቱ አልገኝ ካለ የብሎካችሁን ኮሚቴ ያዙ። እነሱ የሁሉም ባለቤት ስልክ አላቸው።

ክርስትናውን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሪው። በሰማንያ ቀኗ ቤት ሰው ይሞላል። የላይኛው ፍሳሽ በዚህ ሳምንት ከተዘጋ፣ ያንቺ ጣሪያ የሚደርቅበት ጊዜ ይፈልጋል። እርጥብ ኮንክሪት ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል፣ ሠራተኛው "ይይዛል፣ ችግር የለውም" ቢልሽ አትስሚው። ከደረቀ በኋላ ቀለሙ ይቀባል፣ ሽታው እስኪወጣ ደግሞ ሕፃኗን ራቅ ካለው ክፍል ታስተኛለሽ። ሦስት ሳምንቱ ካልበቃ ቀለሙን ከክርስትናው በኋላ አድርጊው። ለክርስትና የመጣ ሰው ጣሪያሽን አያይም። ውኃው ጭንቅላቱ ላይ ጠብ ካላለ በቀር።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ካልሽ በኋላም ጋሼ አንድ እሑድ ጠዋት ሳይደውሉ በሩን ሊያንኳኩ ይችላሉ። ያኔ ምን ታደርጊያለሽ? አንዳንዶች ለጥያቄሽ ሲመልሱ "አታስገቢ፣ መብትሽ ነው" ብለውሻል። እኔ አልስማማም። ሽበታም ሰው ከገዛ ቤቱ በር ላይ መመለስ ለቀሪው የኪራይ ዘመንሽ አይጠቅምሽም። ያስተዋልኩት መፍትሔ ማየትንና መሥራትን መለየት ነው። "ጋሼ ይግቡ፣ ይዩት፣ ሥራው ግን ማክሰኞ ይሁንልኝ፣ ልጅ እያጠባሁ ነው።" ሠራተኛው ያያል፣ ይለካል፣ ዕቃውን ይጽፋል፣ ይወጣል። ዕቃውን አስቀድሞ ማወቁ ደግሞ የማክሰኞውን ሥራ ያሳጥረዋል። አራት ኪሎ የነበሩት እትዬ ግቢው ውስጥ ስለሚኖሩ ሠራተኛ ሲያልፍ ባዩ ቁጥር ይዘውት ይገቡ ነበር። ከላይ ያልኩትን ደጋግሜ ስላቸው በኋላ ራሳቸው "ዛሬ ለማየት ነው" ብለው መግባት ጀመሩ።

ቀጠሮውን የምትሰርዢው አንቺ የምትሆኚበት ቀንም ይመጣል። ልቅሶ ይመጣል፣ ልጅ ይታመማል። ለልቅሶ ማንም አይቆጣሽም፣ ግን በጠዋት ደውዪ። ሠራተኛው መንገድ ከጀመረ የታክሲውን በቴሌብር ላኪለት። ትንሽ ብር ናት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ስልክሽን ያነሳል።

ባለቤታቸው ውጭ ሀገር ለሆነባችሁ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። ቀጠሮ ስትጻጻፉ "ጠዋት" ወይም "ከሰዓት" የሚለውን አትርሱ። የእኛ ሰውዬ "በ2" ብለው ሲጽፉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ማለትም ከሰዓት ስምንት። ወኪላቸው ደግሞ ጠዋት ሁለት ሰዓት መጥቶ በር ላይ ቆሟል።

ውልሽ ሲታደስ ነገሩን በወረቀት አስገቢው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ሁለት ዓመት ረጅም ነው፣ ብዙ ቧንቧ ይፈነዳበታል። "አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ለጥገና ከመምጣት አንድ ቀን አስቀድሞ ይነገራል" የምትል አንዲት መስመር ማንንም አታስቀይምም። የትኛውን ትንሽ ጥገና አንቺ እንደምትችዪና የትኛውን እሳቸው እንደሚችሉም እዚያው ይጻፍ። ዕቃ አንቺ ገዝተሽ ከኪራይ የምትቀንሺ ከሆነ ከመግዛትሽ በፊት በቴሌግራም "እሺ" አሰኚያቸው፣ ደረሰኙንም ያዢ።

ቁልፍ ለጥበቃ? አይሆንም። ጥበቃው ታማኝ ስላልሆነ አይደለም። አንድ ነገር ቢጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው፣ ያንን ሸክም በወር ደመወዙ ላይ አትጫኚበት። ፈረቃውም ይቀያየራል፣ ጠዋት የሰጠሽው ሰው ከሰዓት አይኖርም። እናትሽ ወይም የምታምኛት ጎረቤት ትቀመጥ። ምን እንደሚሠራ ለይታ ትወቅ፣ መኝታ ቤቱ ይቆለፍ፣ ሠራተኛው ከመውጣቱ በፊት ውኃውን ከፍታ ከሥር በእጇ ትዳስስ። የሚቀመጥ ሰው ከጠፋ ቀጠሮውን አዛውሪው፣ ላቫንዲኖው ሥር ባልዲ አድርገሽ ሁለት ቀን ትችዪዋለሽ።

ለጋሼ የምትልኪውን ከፈለግሽ እንዲህ ብለሽ ጻፊው፦ "ጋሼ እንደምን አሉ። ለላቫንዲኖው ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቤት ነን። የልጁን ስልክ ቢልኩልኝ እኔ አገኘዋለሁ፣ ዋጋውን ከእርስዎ ጋር ይነጋገር። ሲያልቅ ፎቶ እልክልዎታለሁ። የመታጠቢያ ቤቱ ከላይ ስለሆነ እናቴ ዛሬ ማታ ጎረቤታችንን ታናግራለች።" እሱን ላኪና መጀመሪያ ያልኩሽን ብሬከር ሄደሽ አውርጂ።