ሸማው ሳይታጠብ ጥልፍ አይጀመር

እህቴ፣ ለአንድ አዲስ ሎጅ በጥልፍና በህትመት ያጌጡ መጋረጃዎችና የትራስ ልብሶች ለመሥራት መዋዋልዎን ገልጸው «ንድፉን ከምን ልጀምር?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር ያንኑ ሥራ ስለሠራሁ የደረሰብኝ እንዳይደርስብዎ ልጻፍልዎ።

አንደኛ፣ የቀሚስ ጥለት እንዳለ ወደ መጋረጃ አይዛወርም። ቀሚስ በቅርብ ስለሚታይ ጥለቱ ደቃቅ ሲሆን ያምርበታል፤ መጋረጃ ግን ከክፍሉ ማዶ ስለሚታይ ደቃቁ ሥራ ደብዛው ይጠፋል። እኔ የብራና መጻሕፍት ገጽ ከሚያጌጥበት ጉንጉን ሥዕል፣ ከሐረግ፣ ተነሥቼ አንዱን ጉንጉን አንድ ክንድ እስኪሞላ አሳደግሁት፤ ዛሬም የምኮራበት ንድፍ ነው። በዘጌ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች አይተው የመጡ ደንበኞች ቅዱሳኑን ትራስ ላይ እንዲያትሙላቸው ቢጠይቁዎ እሺ አይበሉ፤ ቅዱስ ሥዕል መቀመጫ ላይ አይውልም። የጣና ደንገልና ታንኳ ሥዕል ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ህትመቱ ይቅደም። ጥልፉ ከቀደመ የማተሚያው ስክሪን (ቀለሙ የሚያልፍበት ወንፊት) በጨርቁ ላይ ተደላድሎ ስለማይተኛ ቀለሙ ይዘላል።

ሦስተኛው እኔን ያከሰረኝ ነው። በሸማኔ እጅ የተሠራ የጥጥ ጨርቅ ድሩ ተወጥሮ ስለሚሸመን፣ ውኃ ሲነካው ውጥረቱ ይላላና ይሰበሰባል። ይህን በጥቂቱም ቢሆን ስለማውቅ፣ ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ጨርቁን እንዲፈትሹልኝ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ባለሙያው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ንግድ ፈቃድ ይዘሽ ነይ» አለኝ፤ ይዤ ስመለስ ደግሞ የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቀኝ። ቀኑ እየገፋብኝ ሲሄድ ፍተሻውን ትቼ 24 መጋረጃ አሳተምሁ፣ አስጠለፍሁም። አንድ ባልዲ ሙቅ ውኃ መልሱን ይሰጠኝ እንደነበር ያን ጊዜ አላሰብሁም። መጋረጃዎቹ በመጀመሪያው እጥበት ከ2 ሜትር ከ60 ወደ 2 ሜትር ከ39 አጠሩ፤ ጨርቁ ሲሰበሰብ የፖሊስተሩ የጥልፍ ክር ግን ስላልተሰበሰበ፣ ያ የደከምሁበት ሐረግ ተጨማዶ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቀለለ። የሎጁ ባለቤት ቀሪውን ክፍያ ከለከለኝ፤ ስለ እጥበት በውሉ ላይ የተጻፈ አንድም ቃል ስላልነበረ የምከራከርበት አልነበረኝም። ሁሉንም በራሴ ገንዘብ እንደገና ሠርቼ አስረከብሁ።

አሁን ከእያንዳንዱ ሸማኔ ጨርቅ አንድ ሜትር ቆርጬ ሦስት ጊዜ አጥባለሁ፤ ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ አድርቄ እለካለሁ፤ ማጠሩ ሲቆም ጥቅሉ በሙሉ በዚያው ልክ ታጥቦና ተተኩሶ ወደ ህትመት ይገባል። የጨርቁ ሂሳብም ከታጠበ በኋላ ባለው ልኬት ይሠራል እንጂ ሸማኔው በሰጠኝ ልኬት አይሠራም። ደንበኛው ታትሞና ተጠልፎ የታጠበውን ናሙና አይቶ ጠርዙ ላይ ይፈርምበታል፤ እኩሌታውን እሱ ይወስዳል፣ እኩሌታው ከውሉ ጋር እኔ ዘንድ ይቀመጣል።