እጅ የሚልጥ ሳሙና

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ነገሩ እንዲህ ነው ያልሽው። በ1 ኪሎ ፓልም ዘይትና በ200 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ሳሙና ሠራሽ። ላዩ ነጭ ዱቄት አወጣ፣ ሲቆረጥ ይፈረፈራል፣ እጅ ይልጣል። ጎረቤትሽ ባለችሽ መሠረት አንድ ብርጭቆ ኮምጣጤ ጨመርሽ፤ ምንም ለውጥ የለም። (ድሬ ላይ አንቱታ ስለሌለ አንቺ ብያለሁ።)

200 የሚለውን ሳይ ወዲያው ጠረጠርኩ። ይሄ የፖታሽ፣ ማለትም ፈሳሽ ሳሙና የሚሠራበት የሌላው ኮስቲክ ልክ ነው። የፈሳሽ ሳሙና አሠራር አግኝተሽ፣ ፖታሹ ሲጠፋ ሶዳ ገዝተሽ ግራም በግራም ተክተሻል።

ቀፊራ ገበያ ሄደሽ አንድ ኪሎ ቁጥር 6 ምስማርና አንድ ኪሎ ቁጥር 10 ምስማር ብትገዢ ሚዛኑ እኩል ነው፤ ፍሬው ግን ለየቅል ነው። ትንሹ ይበዛል። ባለሱቁ ምስማር ሲቆጥር አይውልም። የ100 ፍሬ ክብደት ካወቀ በሚዛን ይቆጥራል። ሞል ማለት ይኸው ነው፤ በ100 ፈንታ 6 ብለሽ ከኋላው 23 ዜሮ ደርድሪ። ኮስቲክ ሶዳ ከሦስት ዓይነት አቶም ይሠራል፤ የእያንዳንዱ አንድ ሞል በግራም ሲመዘን ሶዲየም 23፣ ኦክስጅን 16፣ ሃይድሮጅን 1፤ ድምሩ 40። ስለዚህ 40 ግራም ሶዳ ውስጥ ከሦስቱም አንድ አንድ ሞል፣ ባጠቃላይ ሦስት ሞል አቶም አለ። ፖታሽ ላይ በሶዲየም ቦታ 39 የሚመዝን ፖታሲየም ይገባና ድምሩ 56 ይሆናል። ትልቁ ምስማር እሱ ነው። ዘይቱ ደግሞ ግራም አያውቅም፣ ፍሬ ነው የሚያውቀው። አንዷ የዘይት ሞለኪውል ሦስት እግር አላት፤ ለእያንዳንዱ እግር አንድ ፍሬ ኮስቲክ።

እንግዲህ 200ን ለ56 አካፍዪ፤ 3.57 ሞል። በ40 ሲባዛ 143 ግራም ሶዳ። አንቺ 57 ግራም አትርፈሻል፤ እጅ የሚልጠው እሱ ነው። ኮምጣጤው 5 በመቶ ከሆነ አንድ ብርጭቆው ከዚህ 7 ግራም ገደማ ቢበላ ነው።

ጓንትና መነጽር አድርጊ። ሳሙናውን በካሮት መፈቅፈቂያ ፈቅፍቂው፣ ትንሽ ውሃ ጨምረሽ በለሰለሰ እሳት አቅልጪው፣ 400 ግራም ዘይት ጨምረሽ እስኪወፍር አማስዪ። የአሉሚኒየም ድስት እንዳታስጠጊ፤ ኮስቲክ ይበላዋል፣ ሃይድሮጅንም ይለቃል። በምላስሽ ቅመሽ እዪው የሚሉሽን አትስሚ። የፒኤች ወረቀት (ኮስቲክነትን በቀለም የሚለካ) ግዢ፤ 11 ካሳየ ገና ነው።

ለሚቀጥለው 135 ግራም ሶዳ ይበቃል፤ ትንሽ ዘይት ቢተርፍ ለቆዳ ጥሩ ነው። በስስ ፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጠውን ኮስቲክ ተዪው። እርጥበት ይጠጣል፤ የውሃ ዋጋ ነው የምትከፍዪው። በ10 ግራም የሚዘል ርካሽ ሚዛንም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ደግሞ ኮስቲኩን ወደ ውሃው ነው የምትጨምሪው። ውሃ ኮስቲክ ላይ አይፈስም፤ ፈልቶ ዓይንሽ ላይ ይረጫል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ለብ ባለ ሳይሆን በቀዝቃዛ ውሃ፣ በጠዋት፣ ልጆች ሳይነሱ። ውሃው ይቅደም፣ ኮስቲኩ ይከተል።