ፓፉ ነው ወይስ ኪኒኑ?

ጥያቄ፦ እናቴ የቆየ አስም አለባት። ሲነሳባት ሳልቡታሞል ፓፍ ትነፋለች፤ ወዲያው ይሻላት ነበር። ሰሞኑን በእንቅርቷ የተነሳ ልቧ ሲደልቅባት ፕሮፕራኖሎል የሚባል ኪኒን ጀመረች። ድለቃው ተወት፤ ትንፋሿ ግን ባሰ። ፓፉም እንደ ድሮው አልሆነላትም። ጎረቤት "የጦሳ ብርድ ነው" ይላል። ፓፉ ተበላሽቶ ይሆን? (ከደሴ)

መልስ፦ ብርድ አስም ያስነሳል፣ አልክድም። የፓፉንም ቀን ይዩት። እኔ ግን የጠረጠርኩት ኪኒኑን ነው።

በሕዋሳታችን ላይ ተቀባይ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ስንደነግጥ ሰውነት የሚረጨው አድሬናሊን የሚባል ንጥረ ነገር ሲያርፍባቸው ሕዋሱ ሥራ ይጀምራል። ከእነዚህ ተቀባዮች ቤታ አንድ የሚባለው በብዛት ልብ ላይ ነው፤ ሲቀሰቀስ ልብ ይፈጥናል። ቤታ ሁለት የአየር ቧንቧ ጡንቻ ላይ አለ፤ ሲቀሰቀስ ቧንቧው ይላላል። ሳልቡታሞል የሚሠራው ቤታ ሁለትን ቀስቅሶ ነው። ፕሮፕራኖሎል ደግሞ ሁለቱም ላይ ያርፋል፤ ግን አይቀሰቅስም። ቦታ ይዞ ዝም። ልባቸው የተረጋጋው በዚህ ነው፤ ፓፉ ማረፊያ ያጣውም በዚሁ።

ቡናም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ነቅተን ስንውል አንጎል ውስጥ አዴኖሲን ይከማቻል፤ ተቀባዩ ላይ ሲያርፍ እንቅልፍ ይመጣል። ካፌይን ቦታውን ይይዝበታል። አቦል ጉልበት ሰጠን እንላለን እንጂ ድካሙን ነው የሚያስረሳን።

ፓፉን ደጋግሞ መንፋትስ? ፕሮፕራኖሎል ተጣብቆ አይቀርም፤ ይይዛል፣ ይለቃል። ስለዚህ ሳልቡታሞል ሲበዛ በመጠኑ ሊያስለቅቀው ይችላል። ይህን ተማምናችሁ ግን ቤት አትቆዩ። ቀጣዩን ኪኒን ከመዋጣቸው በፊት፣ ዛሬውኑ፣ ሁለቱንም መድኃኒት ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በራሳችሁ አቁማችሁ ቤት መቀመጥም አይሆንም፤ ተቀባዮቹ ለሳምንታት ሲታፈኑ ሰውነት ቁጥራቸውን ያበዛል፤ መድኃኒቱ ድንገት ሲቀር ልብ ብሶበት ሊደልቅ ይችላል።

"በአቴኖሎል ቀይሩት" የሚል አይጠፋም። አቴኖሎል የፕሮፕራኖሎል ዘመድ ነው፤ ወደ ቤታ አንድ ያደላል እንጂ ቤታ ሁለትን ጨርሶ አይተውም። ይህም የሐኪሙ ውሳኔ ነው።

አስም እንዳለባቸው ሲታዘዝላቸው ተናግረው ነበር? ሰው እንቅርቱን ሲያሳይ አስሙን መንገር ይረሳል። አሁን ካርዳቸው ላይ ይጻፍ።

አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ ቀጠሮ አትጠብቁ። ፓፉን እየነፉ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። በሌላ ተቀባይ በኩል ቧንቧውን የሚከፍት ኢፕራትሮፒየም የሚባል መድኃኒት አለ፤ ፕሮፕራኖሎል እንደሚወስዱ በሩ ላይ ንገሯቸው።