ከትንሽ አገር ተነስቶ ትልቅ ሰንጠረዥ ውስጥ መግባት፦ ለወጣት የቴኒስ ተጫዋቾች

ውድ ወጣቶች፣

ማርኮስ ባግዳቲስን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በአንድ ውድድር ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አውስትራሊያ ኦፕን፣ ከቆጵሮስ የመጣ በዓለም 54ኛ ደረጃ ላይ የነበረ የ20 ዓመት ልጅ አንዲ ሮዲክን ጣለ፣ ኢቫን ሉቢቺችን ጣለ፣ ግማሽ ፍጻሜ ላይም በዴቪድ ናልባንዲያን ሁለት ሴት (የጨዋታ ክፍል) ለባዶ ከተመራ በኋላ ተነስቶ አሸነፈ። ፍጻሜው ላይ ከሮጀር ፌዴረር የመጀመሪያውን የጨዋታ ክፍል 7 ለ 5 ነጠቀ፤ ከዚያ 7 ለ 5፣ 6 ለ 0፣ 6 ለ 2 ተረታ። በዚያው ዓመት ዊምብልደን ግማሽ ፍጻሜ ገባ፣ ነሐሴ ላይም በዓለም 8ኛ ሆነ። ሕዝቧ ከአዲስ አበባ ከሚያንስ ደሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለእናንተ የሚጠቅማችሁ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ ከቤቱ መቼ ወጣ፣ ማን ከፈለለት፣ የዓለም ደረጃ የሚወስነውን ነጥብ ከየት ለቀመ የሚለው።

በቅድሚያ የአገር ማነስ የት ላይ እንደሚጎዳ ልንገራችሁ። ሰው ሁሉ ሜዳና አሠልጣኝ ጠፍቶ ነው ይላል። እሱም አለ፤ ዋናው ግን ሰንጠረዡ፣ ማለትም ማን ከማን እንደሚጫወት የሚያሳየው የውድድሩ ዝርዝር ነው። የግራንድ ስላም (የአራቱ ታላላቅ ውድድሮች) የወንዶች ነጠላ ሰንጠረዥ 128 ቦታ አለው። 104ቱ በደረጃ ይሞላል፣ 16ቱ ከማጣሪያ ይመጣል፣ 8ቱ ዋይልድ ካርድ ነው፤ ማለትም ደረጃ ሳይታይ በአዘጋጁ ግብዣ የሚሰጥ ቦታ። ዋይልድ ካርዱን አዘጋጁ አገር በአብዛኛው ለራሱ ልጆች ይሰጣል፤ አውስትራሊያ፣ አሜሪካና ፈረንሳይ ደግሞ እርስ በርስ ይለዋወጣሉ። የቆጵሮስ ወይም የባርቤዶስ ልጅ የሚለዋወጥበት የለውም። የባርቤዶሱን ዳሪያን ኪንግ ተመልከቱ። የደረሰበት ከፍተኛ ደረጃ 106ኛ ነው። በ2017 ዩኤስ ኦፕን የገባው ሦስት የማጣሪያ ጨዋታ አሸንፎ ነው፤ አንደኛው ዙር ላይ የጠበቀው ያኔ ከዓለም ምርጥ አሥር አንዱ የነበረው አሌክሳንደር ዝቬሬቭ ነበር። ተመሳሳይ ደረጃ ያለው የፓሪስ ልጅ ያንን ሳምንት አርፎ ሊጀምር ይችላል።

ስለዚህ የትንሽ አገር ተጫዋች ደረጃውን የሚገነባው ከታች፣ አንድ ሳምንት በአንድ ሳምንት ላይ እየቆለለ ነው። ነጥብ ደግሞ ዘላለም አይቆይም፤ በ52ኛው ሳምንት ይወድቃል። ታመህ ወይም ቪዛ ተከልክለህ ሦስት ወር ከጠፋህ ነጥቡ አይጠብቅህም።

ከቤት መውጣትን በተመለከተ ባግዳቲስ ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ በኦሎምፒክ ሶሊዳሪቲ (የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ የድጋፍ ፕሮግራም) ድጋፍ ወደ ፓሪስ፣ ወደ ሙራቶግሉ አካዳሚ ሄደ። በ2003 የአውስትራሊያ ኦፕን የታዳጊዎች ሻምፒዮን ሆነ፣ ዓመቱንም የዓለም ታዳጊዎች ቁጥር አንድ ሆኖ ጨረሰ። እዚህ ላይ ወላጆች የሚሳሳቱት በጊዜው ነው። ልጁ 17 ዓመት ሲሞላው ከመላክ በ13 ወይም በ14 መላክ ይሻላል፤ ምክንያቱም አሠልጣኝ የሰርቭን መያዣና የእግር አረማመድን ከ16 ዓመት በኋላ ለመቀየር ብዙ ይቸገራል። ገንዘብ ከሌለ ግን ቤት ንብረት ሸጦ አካዳሚ መግባት ምክር አይደለም። እንዲህ ያለ ድጋፍ የሚጠየቀው በአገር ፌዴሬሽንና በኦሎምፒክ ኮሚቴ በኩል ነው። ከፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤት ጋር የተጣላ ተጫዋች ደብዳቤ አያገኝም። ይህን በቀልድ አልጽፈውም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የመጀመሪያው የፕሮፌሽናል እርከን ኤም 15 ይባላል፤ ጠቅላላ ሽልማቱ 15,000 ዶላር ነው። ሻምፒዮኑ 2,160 ዶላር ገደማ ያገኛል፤ አንደኛ ዙር ላይ የተሸነፈ 156 ዶላር ይዞ ይሄዳል፣ ያውም ግብር ሳይቀነስ። በዚህ የአውሮፕላን ቲኬት አይገዛም። የሚያዋጣው አንድ ቲኬት ቆርጦ አንድ ቦታ ሦስት ወይም አራት ሳምንት መቀመጥ ነው። በቱኒዚያ ሞናስቲር፣ በቱርክ አንታሊያ፣ በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ እንዲህ ያሉ ውድድሮች ሳምንት በሳምንት ሲደረጉ ኖረዋል። ማክሰኞ ከተሸነፍክ እስከ ቀጣዩ ውድድር እዚያው ትለማመዳለህ፤ የልምምድ ጓደኛውም በነጻ ነው፣ ምክንያቱም የተሸነፈው አንተ ብቻ አይደለህም።

ምዝገባው ውድድሩ ከሚጀምርበት ሰኞ 18 ቀን ቀደም ብሎ ሐሙስ ይዘጋል፤ ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚቻለው 13 ቀን ቀደም ብሎ እስከ ማክሰኞ ነው። ሰዓቱ በግሪንዊች ስለሆነ በየአገሩ ሰዓት አስሉት። ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ውድድር ላይ እያሸነፈ የሚቀጥለውን ወር ሐሙስ ይረሳል። ማንቂያ ሙሉ።

ቪዛ ባግዳቲስን እናንተን በሚያስቸግረው ልክ አላስቸገረውም፤ ቆጵሮስ በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆናለች። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ግን የውድድር መርሐ ግብራችሁን ከቪዛ ቀጠሮ ጋር አብራችሁ ሥሩ። ቪዛ በአንጻራዊነት በቀለለበት አገር ነጥብ ሰብስቦ ወደ አውሮፓ መሻገር፣ በተቃራኒው ከመሞከር ይሻላል።

አዲስ አበባ ላይ ለምትለማመዱ ደግሞ ስለ ኳሱ አንድ ነገር አለ። በዓለም አቀፉ ሕግ መሠረት ከ1,219 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ለከፍታ የተሠራ ኳስ ይፈቀዳል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ለባሕር ጠለል የተሠራ መደበኛ ኳስ እዚያ ላይ ከልክ በላይ ይነጥራል፣ አየሩ ስለሳሳም ይርቃል። ልጁ ኳሱን ሜዳ ውስጥ ለማስቀረት ክንዱን መቆጠብ ይለምዳል። ሞናስቲር ሲወርድ ያው ምት መሃል ሜዳ ላይ ይወድቃል፣ ተጋጣሚውም ገብቶ ይጨርስበታል። መፍትሔው ውድድሩ ከመጀመሩ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ቀድሞ መድረስ፣ የራኬቱን ክር ውጥረት በ1 ወይም በ2 ኪሎ ማላላት፣ ኳሱንም ከመረቡ ከፍ አድርጎ አሽከርክሮ መምታት ነው። በመጀመሪያው ቀን ልምምድ ተስፋ የቆረጠ ልጅ ብዙ ነው፤ አቅሙ አልጠፋም፣ አየሩ ነው የተቀየረው።

ጨው። በ2006 ዩኤስ ኦፕን ሁለተኛ ዙር ባግዳቲስ በአንድሬ አጋሲ ሁለት ክፍል ለባዶ ተመርቶ አቻ አደረገ፤ በአምስተኛው ክፍል እግሩን ጡንቻ ቁርጠት ያዘውና 7 ለ 5 ተሸነፈ። የቁርጠት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም፤ ድካም አለበት፣ ፈሳሽና ጨው ማጣትም አለበት። ሁለተኛውን መለካት ይቻላል። ከልምምድ በፊትና በኋላ በደረቅ ቁምጣ ተመዘኑ። 1 ኪሎ ከቀነሳችሁ 1 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ጎድሏችኋል ማለት ነው፤ በዚያ ወቅት የጠጣችሁትንም ደምሩበት። ለ1 ሊትር ውሃ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና ትንሽ ስኳር በቂ ነው። ንጹሕ ውሃ ብቻ በብዛት መጠጣት የከፋ ስሕተት ነው፤ በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያቀጥነዋል።

ዴቪስ ካፕን፣ የወንዶች ብሔራዊ ቡድኖች የሚጋጠሙበትን ውድድር፣ አትናቁ። ባግዳቲስ ለቆጵሮስ 36 የነጠላ ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል፤ በውድድሩ ታሪክ ክብረ ወሰን ነው። አብዛኛው በታችኛው ምድብ፣ ካሜራ በሌለበት ሜዳ የተደረገ ነው። ዛሬ ዴቪስ ካፕ የደረጃ ነጥብ አይሰጥም፤ ነገር ግን ለአገር መጫወት ለኦሎምፒክ ብቁ ለመሆን ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ነው።

የመጨረሻው ስለ ራኬት ነው። በ2012 አውስትራሊያ ኦፕን ባግዳቲስ ከስታን ቫቭሪንካ ጋር ሲጫወት በአንድ መቀመጫ አራት ራኬት ሰባብሯል፤ ጥቂቶቹ ከፕላስቲካቸው እንኳ አልወጡም ነበር። ስፖንሰር ያለው ይችላል። እናንተ ሦስት ይኖራችኋል እንበል። አንድ ዓይነት ሞዴል ሆነው እንኳ በ5 ግራም ሊለያዩ ስለሚችሉ በትንሽ ሚዛን መዝኗቸው፤ ቀላሉን ለራኬት በሚሸጥ የእርሳስ ብረት (ሌድ) ቴፕ አስተካክሉት። ፖሊስተር ክር በ200 ሜትር ጥቅል ግዙ፤ ለአንድ ራኬት 12 ሜትር ገደማ ይበላል፣ ስለዚህ 16 ጊዜ ያስወጥራል። ይህ ክር ሳይበጠስ ይሞታል። ከምት በኋላ ተንሸራትቶ ወደ ቦታው ካልተመለሰ፣ ኳስ ያለ ምክንያት ከረዘመ፣ ክርናችሁን ማመም ከጀመረ አልቋል፤ ከ10 እስከ 15 ሰዓት ጨዋታ በኋላ ባይበጠስም ቀይሩት። አንዱ ክር ሲበጠስ ቀሪውን ወዲያው ከመሃል ወደ ዳር፣ ቁሙንና አግድሙን እያፈራረቃችሁ ቁረጡት፤ የተዛባ ውጥረት የራኬቱን ራስ ያጣምማል። አዲሱን ስታስወጥሩ ኪሎውንና ቀኑን በትንሽ ፕላስተር ጽፋችሁ ከመያዣው በላይ ለጥፉበት።