የልጄን ደህናውን እጅ ማሰር ትክክል ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ጅማ ነው። አራት ዓመት ከሦስት ወር የሆናት ልጄ ቀኝ እጇን እንደ ልቧ አታንቀሳቅስም፤ አውራ ጣቷን ወደ ውስጥ አድርጋ ትጨብጣለች፣ ክርኗም እንደታጠፈ ይቆያል፣ ስትሮጥ ደግሞ ይብስባታል። ቀኝ እግሯንም ትንሽ ትጎትታለች። ስትወለድ ምጡ ረዝሞብኝ ነበር። ሰባት ወር ሲሆናት ሁሉንም ነገር በግራዋ ብቻ ስትይዝ አይተን «ግራኝ ናት» ብለን ተውነው። አሁን ግን የአንድ ወገን ሰሬብራል ፓልሲ ነው ተባልን። እናቴ ከሰው ሰምታ ከጠዋት እስከ ማታ ግራ እጇን በነጠላ ታስርባታለች፤ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ሁለት ጊዜም ወድቃለች። በግራዋ ስትበላም እንቆጣታለን። ማሰሩ ትክክል ነው? መርፌ ወይም ኦፕሬሽን ያድናታል? ጥፋቱስ የእኔ ይሆን?

መልስ፦ ነጠላውን ዛሬውኑ ይፍቱላት። እናትዎን ግን አይቆጧቸው፤ የሰሙት ነገር ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ትክክለኛ ሕክምና ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ዋናው ክፍሉ ተቆርጦ ቀርቶ ማሰሩ ብቻ ደርሷቸዋል።

በመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ሌላውን ሁሉ በተረጋጋ ልብ እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁና። የግራው የአንጎል ክፍል የቀኙን የሰውነት ክፍል ያዛል። የአንድ ወገን ሰሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም በአንጎል ጉዳት የተነሳ የአንድ ወገን እጅና እግር እንቅስቃሴ መታወክ፣ የሚመጣው ይህ አዛዥ ክፍል በማሕፀን ሳለ፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ጊዜያት ሲጎዳ ነው። ከተለመዱት ምክንያቶች መካከል ሕፃኑ ገና ሳይወለድ ወይም በተወለደ ሰሞን የሚደርስበት የአንጎል የደም ሥር መዘጋት፣ ማለትም በትልልቅ ሰዎች ላይ ስትሮክ የምንለው፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን አንጎል ውስጥ የሚከሰት ጉዳትና አንጎሉ ሲፈጠር የሚፈጠር ጉድለት ይገኙበታል። ምጥ መርዘሙ አንዳንዴ ድርሻ ሊኖረው ቢችልም፣ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ጉዳቱ እናት ባደረገችው ወይም ባላደረገችው ነገር የመጣ አይደለም። «ግራኝ ናት» ማለታችሁም የብዙ ቤተሰብ ስሕተት ነው። ለሌሎች አንባቢዎች ግን ይህን መናገር አለብኝ፦ ጤናማ ሕፃን ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጅ ከሌላው አያስበልጥም፤ ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚይዝ ሕፃን ግራኝ ወይም ቀኝ ስለሆነ ሳይሆን ሌላው እጅ ስላልታዘዘለት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ለሐኪም መታየት አለበት።

በአንጎል ላይ የደረሰው ጉዳት አንዴ ከደረሰ በኋላ እየሰፋ አይሄድም። እጁ ግን አገልግሎት ሳይሰጥ በቆየ ቁጥር እየደከመ፣ ጡንቻውም ከአጥንቱ እድገት ጋር እኩል መርዘም እያቃተው ሊሄድ ይችላል። ኤድዋርድ ታውብ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በጦጣዎች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ የአንድ ክንዳቸው ስሜት የተቋረጠባቸው እንስሳት ክንዱ መንቀሳቀስ እየቻለ እንኳ ፈጽመው እንደሚተዉት፣ ደህናው ክንድ ሲታገድባቸው ግን የተዉትን መልሰው እንደሚጠቀሙበት አሳየ። እናትዎ የሰሙት ወሬ ምንጩ ከዚህ ነው። የእርስዎ ልጅ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። እሷ ቀኝ እጇን ተጠቅማ የተወችው ሳይሆን ከመጀመሪያው ተጠቅማበት የማታውቅ ስለሆነች፣ ደህናውን እጅ ማገድ ብቻውን የማታውቀውን ነገር አያስተምራትም። የምታውቀውን አንድ እጅ ስለሚቀማት ብቻ ታለቅሳለች፤ ስትወድቅም መሬቱን የምትመክትበት እጅ ታስሮባታል።

ሕክምናው በትክክል ሲሰጥ እንዲህ ነው። ደህናው እጅ ላይ ለስላሳ ጓንት ወይም ጣት የሌለው እንደ ካልሲ ያለ መሸፈኛ ይደረጋል፤ ይህም ጣቶቿን ከመያዝ ያግዳል እንጂ ክንዷን አያስርም፤ ብትደናቀፍ እጇን ዘርግታ ራሷን ትመክታለች። የሚደረገው ቀኑን ሙሉ አይደለም፤ በሰፊው በተሠራበት ለልጆች በተስማማው ዘዴ በቀን ሁለት ሰዓት ገደማ ለስምንት ሳምንት ያህል ነው፤ ሰዓቱም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተከፋፍሎ ሊሰጥ ይችላል። ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት ከሆነ በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በዚያ ጊዜ ሁሉ አዋቂ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ በደካማው እጅ ልትሠራው የምትችለውን፣ ግን ትንሽ የሚያታግላትን ጨዋታ እያቀረበላት፣ ሲሳካላት ትንሽ እያከበደው ይሄዳል። ሕክምናው ያ ጨዋታ ነው፤ ጓንቱ ምክንያት መፍጠሪያ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ የሚያጫውታት ሰው ከሌለ ጓንቱም አያስፈልግም።

ሁለተኛውና ለልጅዎ እኔ የምመርጠው መንገድ ሁለቱን እጆች አንድ ላይ ማሠራት ነው። የሁለቱ ዘዴዎች የሥልጠና ሰዓት እኩል ሲሆን ውጤታቸውም ተቀራራቢ መሆኑ በጥናት ታይቷል። ይህንን የምመርጠው የልጅቷ ቀኝ እጅ ወደፊት የሚኖረውን ሥራ ስለሚመስል ነው። ልጅዎ በቀኟ የምትጽፍ ወይም መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባ እንደማትሆን እገምታለሁ፤ ይህን ከአሁኑ ግልጽ አድርጌ ልንገርዎት። ነገር ግን ሥራን ሁሉ ግራ እጅ እየመራው ቀኙ መያዝ፣ መደገፍ፣ መጫን የሚችል ረዳት እጅ ይሆናል። በቀን ውስጥ ከምንሠራው አብዛኛው ነገር አንድ መሪና አንድ ረዳት እጅ ይፈልጋል።

በምርመራ ክፍሌ ጠረጴዛ ላይ ክዳኑ የሚሽከረከር የለውዝ ቅቤ ፕላስቲክ አለኝ፤ ውስጡ ከረሜላ ነው። ለአንዲት የልጅዎ እኩያ ለሆነች ሕፃን ሰጠኋት። መጀመሪያ በደህናው እጇ አነሳችና ለእናቷ ዘረጋችላት፤ እናቲቱ ልትከፍትላት እጇን ስትሰነዝር ቆይ አልኳት። ልጅቷ አየችን፣ ዕቃውን ጭኖቿ መካከል ሻጠችው፤ ተንሸራተተባት። ከዚያ በደካማው ክንዷ ሆዷ ላይ አቅፋ ያዘችው፤ ጣቶቿ አሁንም እንደተጨበጡ ናቸው፣ ክንዷ ግን ጥርቅም አድርጎ ይዞታል፤ በሌላው እጇ ክዳኑን አዞረችው። ከረሜላውን ስታወጣ ምን እንዳደረገች እንኳ አላወቀችም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ያንኑ ዕቃ ያቀፈችው በክንዷ ሳይሆን በእጅ መዳፏ ነበር።

የእርስዎ ቤት ለዚህ ከማንኛውም ክፍል የተሻለ ነው። ቀይ ቡና በሚለቀምበት ወቅት እሸቱን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ተጭና ፍሬውን ፈልቅቃ ታውጣ። ቡና ሲለቀም ሰፌዱን ቀኟ ይያዝ፣ ግራዋ ድንጋዩንና ጥቁሩን ይልቀም። ሙዝ ትላጥ፤ ቀኝ እጇ ሙዙን ይይዛል፣ ግራዋ ልጣጩን ይስባል፤ ጠንክራ ጨምቃ ብታፈርጠውም አይቆጧት፤ ምን ያህል መጨበጥ እንዳለባት የምትማረው እንደዚያ ነው። ወረቀት ስትቀድ፣ ሱሪዋን በሁለት እጇ ሽቅብ ስትስብ፣ ኳስ በሁለት እጇ ስትወረውር፣ ባጃጅ ውስጥ ስትገባ ብረቱን በቀኟ ስትይዝ ሁሉም ልምምድ ነው። ቀኝ እጇ የያዘውን ነገር ሳያይ የመለየት አቅሙ ሊቀንስ ስለሚችልም፣ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ማንኪያ፣ ብይና ቁልፍ ከትተው እጇን አስገብታ ስማቸውን እንድትናገር ማድረግ ጥሩ ጨዋታ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ አይያዙ። ሁለት ወይም ሦስት ግብ ልጅቷ ራሷ ትምረጥ፤ «ዚፔን ራሴ ልዝጋ» ያለች ልጅ «እጅሽን ክፈቺ ዝጊ» ከተባለች ልጅ የበለጠ ትጥራለች፣ የበለጠም ትማራለች።

ስለ ሰዓቱ ልንገርዎት፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ሐኪም ቤት መጥቶ መሄድ ለእጅ አይበቃውም። ምርምሮች እንደሚያሳዩት አንድ የተመረጠ ተግባር እንዲሻሻል ከ14 እስከ 25 ሰዓት፣ የእጁ አጠቃላይ ችሎታ እንዲሻሻል ደግሞ ከ30 እስከ 40 ሰዓት ያህል ልምምድ ያስፈልጋል። ቁጥሩ አያስደንግጥዎ። በቀን ግማሽ ሰዓት በሳምንት ስድስት ቀን ቢሠሩ በሳምንት ሦስት ሰዓት ነው፤ ከአምስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ አንዱ ግብ ላይ ይደርሳሉ፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሦስት ሳምንት ደግሞ ሁለተኛውን ይሞላሉ። ከዚያ ልጅቷም እርስዎም ዕረፍት አድርጋችሁ በአዲስ ግብ እንደገና ይጀመራል።

ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት እንደ እርስዎ ያሉ እናቶች ሲመጡ እጁን እንዴት እንደሚያሹና ጣቶቹን እንዴት እንደሚዘረጉ አሳይቼ እሸኛቸው ነበር። እናቶቹ በትጋት ለዓመታት አሹ፤ ልጆቹም እጃቸው ለስላሳና በደንብ የታሸ ሆኖ፣ ግን ምንም ሳይሠራ አደጉ። ሌላ ሰው የሚያንቀሳቅሰው እጅ አንጎሉን አያስተምርም። በቅቤ ማሸት ልጅቷን ደስ ካሰኛት ይቀጥሉ፤ እንደ ሕክምና ግን አይቁጠሩት። ወገሻ ዘንድ ወስዶ ክርኗን በኃይል ማስዘርጋት ግን አይሞከር፤ የወለቀ አጥንት የለም፣ የሚጎተተው የተገታተረ ጡንቻና ጅማት ነው።

ገበታ ላይ ስለሚደረገው ነገር ደግሞ ይህን ልበል። በግራ መብላት በእኛ ዘንድ እንደ ነውር የሚቆጠር መሆኑን አውቃለሁ። ይሁንና ልጅቷ እንድትጠግብና ገበታን እንዳትጠላ በግራዋ ትብላ። በእስልምናም ቢሆን ቀኙን መጠቀም ያልቻለ ሰው በግራው ቢበላ እንደማይወቀስ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ፤ ዘመድ አዝማድ ቢናገር ይህን ይንገሯቸው። እንጀራ ቆርሶ ወጥ መጠቅለል ከእጅ ሥራዎች ሁሉ ረቂቁ ነው፤ ሦስት ጣት በአንድ ጊዜ ልክ ባለው ጉልበት ማዘዝ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ደካማ እጅ የሚጀመርበት ልምምድ አይደለም። ቀኝ እጇ ገበታው ላይ ይቀመጥ፣ ትሪውን ወይም ሳህኑን ይደግፍ፤ ቁራሽ ዳቦ ይዞ ወደ አፍ መውሰድን በመክሰስ ሰዓት፣ ሳይርባት ትለማመድ።

መርፌውን በተመለከተ፣ ቦቶክስ የሚባለው መድኃኒት በጣም የተገታተረ ጡንቻን ለሦስት ወር ገደማ ያላላል። ብቻውን ግን እጅን ሥራ አያስተምርም፤ የሚጠቅመው በላላበት ወቅት ከላይ የነገርኩዎት ልምምድ ከተጠናከረ ነው። የጅማት ኦፕሬሽን ለተመረጡ ልጆች፣ አብዛኛውን ጊዜም ከፍ ካሉ በኋላ የሚታሰብ ነው። ለልጅዎ አሁን ሁለቱንም አላዝም።

እጅ ላይ ስናተኩር የሚረሱ ነገሮች አሉ። የአንድ ወገን ሰሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች ከሦስቱ አንዱ ገደማ የሚጥል በሽታ ይኖርበታል፤ ልጅዎ በድንገት ፍዝዝ ብላ ከቀረች ወይም ቀኝ እጇ በራሱ ጊዜ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ፈጥነው ሐኪም ቤት ይውሰዷት፤ መድኃኒት አለው። በቀኝ በኩል ያለውን ነገር አለማየትም ሊኖር ስለሚችል ዓይኗ ይመርመር፤ ሳህኗ ላይ በስተቀኝ ያለውን ምግብ ሁልጊዜ የምትተው ከሆነ ምልክቱ ያ ነው። የሚጎተተው እግር ቁርጭምጭሚቱ እንዳይገታተር መታየት አለበት።

ለዚህ ሁሉ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው አዲስ አበባ መመላለስ አይጠበቅብዎትም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት አለ፤ ግቡን አብረው መርጠው፣ ልምምዱን አሳይተዎት፣ በየተወሰነ ሳምንት እንዲያዩላችሁ ይጠይቁ። የእጅ ሥራ ልምምድን ዋና ሙያቸው ያደረጉ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዎች በአገራችን ገና ጥቂት ስለሆኑ ከፊዚዮቴራፒስቱ ጋር እርስዎ ራስዎ ዋና አሠልጣኝ ይሆናሉ። ከመሄድዎ በፊት ልጅቷ ሙዝ ስትልጥ፣ ዕቃ ስትከፍትና ልብስ ስትለብስ ማንም ሳያግዛት በስልክዎ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይቅረጿት፤ ልጆች ነጭ ጋውን ሲያዩ እጃቸውን ስለሚደብቁ ቪዲዮው ከሐኪም ምርመራ የበለጠ ይናገራል። ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ሥራ እንደገና ይቅረጹና ሁለቱን ይዘው ይሂዱ። እናትዎም አብረው ቢሄዱ ደስ ይለኛል፤ በቤታችሁ ከሁሉ በላይ ጊዜ ያላቸው እሳቸው ይመስሉኛል፣ ቡናውን አብራቸው የምትለቅመው ልጅም የእሳቸው ናት።