የመንገድ ጥያቄዎቻችሁ፦ አዋሽ እስከሚያልቅበት

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ጓደኛሞች ነን። በ1926 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በግመል የሄደበትን መንገድ በአንድ ላንድክሩዘር ልንከተል አስበናል። ከአዋሽ ጣቢያ ተነስተን ወንዙ እስከሚያልቅበት እስከ አቤ ሐይቅ፣ ከተቻለም እንደሱ እስከ ጅቡቲዋ ታጁራ። መኪናው አሮጌ ነው፤ ሞተሩ ግን ጤነኛ ነው። ካርታውን ስልካችን ላይ አውርደናል። አምስት ቀን ይበቃናል ብለናል። ምን ምን እንያዝ?
አንባቢዎ ከአዳማ

ወንድሜ፣ ሐሳባችሁን ወድጄዋለሁ። ደብዳቤህ ውስጥ መኪናም ሞተርም ካርታም አለ። ሰው ግን የለም። እኔ ጂኦሎጂስቶችን እያመላለስኩ አፋር ውስጥ ዓመታት ነድቻለሁ። እዚያ ጉዞ የሚታቀደው ከሰው ተጀምሮ ነው። ዕቃው በኋላ ይደርሳል፤ ስለዚህ ጥያቄህን ከታች ወደ ላይ ልመልሰው።

እስቲ ቴሲጀርን ራሱን እንየው። ያኔ 23 ዓመቱ ነበር። የተወለደው አዲስ አበባ፣ እንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ነው። የፈለገው አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የት እንደሚቀር ማየት ነው። ችግሩ፣ ወንዙ የሚያልቀው በአውሳ ሱልጣን አገር በኩል አልፎ ነበር። አውሳ፣ ዛሬ አሳይታ ያለችበት አካባቢ፣ ዝም ተብሎ የሚገባበት አገር አልነበረም። በ1868 ዓ.ም. ለግብፁ ገዥ ለኬዲቩ ያደረው ስዊዛዊው ሙንዚንገር ወታደር አስከትሎ ገብቶ፣ ከአብዛኛው ሰው ጋር እዚያው ተገደለ። በ1920 ዓ.ም. ኔስቢት የሚባል መሐንዲስ ከሁለት ጣሊያናውያን ጋር ከአዋሽ ተነስቶ በስተሰሜን ቀይ ባሕር ወጥቷል። እሱም ቢሆን ከአገልጋዮቹ ሦስቱ መንገድ ላይ ተገድለውበታል።

ቴሲጀር ጉዞውን ሁለቴ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ከወጣ በኋላ መንግሥት ተመለስ ብሎ ላከበት። ተመልሶ አዲስ አበባ ላይ ሳምንታት ደጅ ጠና። አንድ ነገር ብሆን መንግሥት አይጠየቅም ብሎ ጽፎ ሰጥቶ ነው እንደገና የተለቀቀው። አውሳ ሲደርስ ደግሞ ሱልጣን መሐመድ ያዮ ጫካ መሃል ተቀብለው አነጋገሩት። ከፈቀዱለት በኋላ አለፈ። ግመልም ጠመንጃም ነበረው እኮ። ሱልጣኑ እምቢ ቢሉ ኖሮ ምን ሊያደርግለት?

እናንተም መጀመሪያ ሰመራ ግቡ። የክልሉ ቱሪዝም ቢሮ ሄዳችሁ የምትሄዱበትን ወረዳ በስም የሚጠቅስ የፈቃድ ደብዳቤ አጽፉ። ኮፒውን አብዙት፤ ኬላ ላይ ኮፒ ይቀራል። አርብ ቀትር ላይ አትድረሱ፤ ጁምዓ ነው፣ ቀጥሎ ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ሰኞ ድረስ ሻይ ትጠጣላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ስለ መንገዱ ደህንነት ጠይቁ። «አሁን አይሆንም» ካሏችሁ አይሆንም። ሌላ ጊዜ ሂዱ።

ከዚያ አሳይታ ላይ መሪ ያዙ። እዚህ ላይ መራጭ ሁኑ። እንግሊዝኛ የሚችለውን፣ አሳምሮ የሚለብሰውን ሳይሆን ሐይቁ አካባቢ ዘመድ ያለውን ፈልጉ። የአፋር መሬት ከሩቅ ሲያዩት ባዶ ይመስላል። እያንዳንዱ ግጦሽና እያንዳንዱ የውሃ ጉድጓድ ግን የየትኛው ጎሳ እንደሆነ ይታወቃል። ዘመድ ያለው መሪ ሰላምታ ይሰጣል፣ ትገባላችሁ። ዘመድ የሌለው ደግሞ እንደናንተው እንግዳ ነው፤ ልዩነቱ ደመወዝ መቀበሉ ነው።

መሪው ከፊት ወንበር ይቀመጥ። ግመል የሚነዳ ሰው አይቶ «አቁም» ሲል ወዲያው አቁሙ፤ ሞተሩንም አጥፉ። ሁለት አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም። ከየት መጣህ፣ የት ዘነበ፣ የትኛው ጉድጓድ ደረቀ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ ምን እንግዳ አለፈ፣ ሁሉም በተራ ይነገራል። ያዩትንና የሰሙትን ለይተው ነው የሚናገሩት። ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ሰዓታችሁን እያያችሁ አታስቸኩሉት። ከትናንት ወዲያ ጎርፍ የቆረጠውን መንገድ ስልካችሁ አያውቀውም። ግመል ነጂው ግን ያውቃል። የናንተም ወሬ በዚያው መንገድ ቀድሟችሁ ይሄዳል። «ሁለት መኪና፣ የእገሌ ልጅ አብሯቸው ነው» ተብሎ ስትደርሱ ይጠብቋችኋል።

ሁለት መኪና አልኩ። አዎ፣ በአንድ መኪና አትሂዱ። በዚህ ላይ አልደራደርም። ባሌስትራ ከተሰበረ ወይም ፍሪሲዮን ካለቀ ሰው ሄዶ ዕቃ የሚያመጣበት ሌላ መኪና ያስፈልጋል። ሁለተኛ መኪና ካላገኛችሁ አሳይታ ድረስ ሂዱና ከተማውን አይታችሁ ተመለሱ። እሱም ቢሆን ደስ ይላል።

አሁን ወደ መንገዱ። የቴሲጀርን የመጀመሪያ ክፍል አስፋልት ወስዶታል ማለት ይቻላል። ከአዋሽ በገዋኔ አድርጎ ሚሌ የሚወጣው መንገድ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች የሚመላለሱበት ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ተንቀጥቅጧል፤ የመንገዱን ሁኔታ አዋሽ ላይ ሹፌሮችን ጠይቁ። «ታሪካዊውን መስመር እንጠብቅ» ብላችሁ ከአስፋልት ወርዳችሁ ወንዙን ለመከተል አትሞክሩ። ቴሲጀር ባዱ ያለው የገዋኔ አካባቢ ረግረግ ነው። ከገዋኔ እስከ ሚሌ ያለው ደግሞ በአፋርና በኢሳ መካከል ለዓመታት ግጭት የታየበት ነው። በቀን እለፉት። ማታ መብራት የሌለው ከባድ መኪናም፣ አስፋልት ላይ የተኛ ግመልም አለ። አየሉ ተራራን ከመስኮት አይታችሁ ሰላም በሉትና ቀጥሉ።

ፕሮሶፒስንም እዚህ ታገኙታላችሁ። በረሃ ይከላከላል ተብሎ የመጣ ባዕድ ዛፍ ነው። ግጦሹን ውጦታል፤ የአዋሽን ዳርቻም ሸፍኖታል። እሾሁ የመኪና ጎማ ይበሳል። ቁጥቋጦ መሃል የገባ መንገድ ላይ መውጫ ስታገኙ ዝም ብላችሁ አትንዱ፤ ወርዳችሁ ጎማውን በእጅ ዳብሱ። እሾሁ ተሰክቶ ቀስ እያለ ነው የሚያስተነፍሰው።

እውነተኛው ጉዞ የሚጀምረው ከአሳይታ ወዲያ ነው። ጊዜያችሁን ሁሉ እዚህ አውሉት። አዋሽ ከዚህ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታጥፎ በገመሪና በአፋምቦ ሐይቆች በኩል ያልፍና ዳማ አሊ ከሚባለው እሳተ ገሞራ ሥር አቤ ሐይቅ ይገባል። ከምንጩ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚያው ያልቃል። በሐይቆቹ አዞ ስላለ ውሃ ዳር ስትቀዱ ተጠንቀቁ። ድንኳናችሁንም ከዳርቻው አርቃችሁ ትከሉ።

መሬቱ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። አሳይታ አካባቢ እርሻና የመስኖ ቦይ ነው። ቀጥሎ እንደ ዱቄት የሚቦን አፈር ይመጣል። ጎማው ውስጡ ሲገባ ጉድጓዱ አይታይም፤ የፊተኛው መኪና አቧራ እስኪበን ጠብቁ። የአየር ፊልትሮውንም ማታ ማታ አውጥታችሁ አራግፉ። ከዚያ ጥቁር ድንጋይ ነው። አሸዋና ዱቄት አፈር ላይ የጎማውን ንፋስ ከ40 ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ. አውርዱት። ድንጋዩ ላይ ስትደርሱ መልሳችሁ ወደ 30 ሙሉት። በለሰለሰ ጎማ ስለታም ድንጋይ ላይ ከሄዳችሁ የጎማው ጎን ይቀደዳል። የጎን ቅዳድ ደግሞ ጎሚስታም አያድነውም። ስለዚህ የንፋስ መሙያ ፖምፓ የግድ ነው። ሰነፍ ሹፌር መሙላቱ ሰልችቶት በ20 ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ሰው አብሯችሁ ካለ ፖምፓውን ለሌላ ስጡ።

ከሁሉ የማስጠነቅቃችሁ የሐይቁ ዳርቻ ነው። ከላይ ያለው አዋሽ ለመስኖ ስለሚጠለፍ አቤ ከበፊቱ በጣም ሸሽቷል። ካርታችሁ ላይ ሰማያዊ የሆነው ቦታ ዛሬ ነጭ ሜዳ ሊሆን ይችላል። ሜዳው ላዩ ደርቋል፣ ሥሩ ጭቃ ነው። ደልዳላ ስለሚመስል ያጓጓል። መጀመሪያ አንድ ሰው በእግሩ ይሂድ። ተረከዙ ቅርፊቱን ሰብሮ ከገባ መኪናው እስከ ሆዱ ይገባል። መኪና እስከየት እንደሚደርስ የሚወስነው የዓመቱ ውሃ ነው። መሪው «ከዚህ በእግር» ካለ መኪናውን ድንጋይ ላይ አቁሙና በጠዋት ተነስታችሁ በእግር ሂዱ። ቴሲጀርም በመኪና አልደረሰም!

እስከ ታጁራ ያልከውን ግን ተወው። ቴሲጀር ከአቤ ተነስቶ በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ሶማሌላንድ በሚባለው አገር አቋርጦ ግንቦት 1926 ዓ.ም. ታጁራ ገብቷል። ዛሬ ድንበሩ ሐይቁን ለሁለት ከፍሎታል። ከሐይቁ ዳር ወደ ጅቡቲ መንዳት ሕገ ወጥ ነው። በመኪና የሚታለፈው በጋላፊ ኬላ ነው። እሱ ፓስፖርትና የመኪና ወረቀት ይፈልጋል፤ ሌላ ጉዞ ነው።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 10 ሊትር አስቡ። እናንተ ሦስት፣ የሁለተኛው መኪና ሰዎች ሁለት፣ መሪው አንድ፤ ስድስት ናችሁ። ከአሳይታ ወጥቶ ለመመለስ አራት ቀን ብንል 240 ሊትር ነው፤ አሥራ ሁለት ባለ 20 ጀሪካን። በዚያ ላይ ሁለት ሦስት ጀሪካን ጨምሩ። መንገድ ላይ ውሃ የሚጠይቃችሁ እረኛ ይኖራል፣ የለም ማለት ነውር ነው። ሁሉንም አንድ መኪና ላይ አትጫኑ። የአቤ ውሃ ጨዋማ ነው፤ አይጠጣም።

ናፍጣ ሰመራ ወይም ሎግያ ሙሉ። በዝቅተኛ ማርሽ አሸዋ ላይ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ20 እስከ 25 ሊትር እንደሚበላ አስቡ። ማደያ ያለ ደብዳቤ በጀሪካን ላይቀዳላችሁ ይችላል። ሰመራ ላይ ደብዳቤ ስታጽፉ ይህንንም አብራችሁ አስጽፉ። ለእያንዳንዱ መኪና ሁለት ትርፍ ጎማ፣ የውስጥ ጎማ፣ አካፋ፣ ጠንካራ ካቦ፣ ቺንጋ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ የራዲያተር ጎማ ያዙ። ለክሪኩ መደገፊያ ወፍራም ጣውላ አትርሱ፤ ያለሱ ክሪኩ ራሱ መሬት ውስጥ ይገባል። የሳተላይት ስልክና ድሮን ያለ ፈቃድ አትያዙ፣ ይወረስባችኋል። አሳይታ ላይ ግን አንድ ሰው ቀን ቆርጣችሁለት ይጠብቃችሁ፤ በዚያ ቀን ማታ ካልተመለሳችሁ ለማን እንደሚናገር ይወቅ።

አምስት ቀን አይበቃም። ስምንት አድርጉት። ከስምንቱ ሁለቱ ምንም ያልታቀደባቸው ይሁኑ።

ጋሼ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ። እረፍቴ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ወደ አቤ ሐይቅ ያኔ ብንሄድ ሙቀቱን እንችለዋለን?
አንባቢዎ ከደሴ

እህቴ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ልትችዪው ትችዪ ይሆናል። ጎርፉ ግን ያንቺን መቻል አይጠይቅም። ሚሌና ሎግያ ወንዞች የሚነሱት ካንቺው ከወሎ ደጋ ነው። እናንተ ጋ ሲዘንብ እዚያ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ደረቁ ወንዝ ይሞላል። የታችኛው አዋሽም የሚያጥለቀልቀው በክረምት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። የመንፈቅ ዓመቱን እረፍት ጠብቂ። ቀኑ ካነሰሽ ሐይቁን ለሌላ ዓመት ትተሽ አሳይታና አፋምቦን እዪ።

ጋሼ፣ መኪና ብንከራይ ሹፌሩን መያዝ ግዴታ ነው? ሁላችንም መንጃ ፈቃድ አለን።
አንባቢዎ ከሐዋሳ

ያዙት። መኪናውን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ማርሹ ሲያጉረመርም ከናንተ በፊት ይሰማል። ስትዋዋሉ ግን አስፋልት ብቻ የለመደ እንዳይሆን ጠይቁ። የተቀደደ ጎማና የተሰበረ ባሌስትራ የሚከፍለው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይግባ። የሹፌሩ አበልና ምግብም እንደዚሁ። ትርፍ ጎማውን አውርዳችሁ እዩት፤ ላዩ አዲስ መስሎ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ብዙ አለ። ክሪኩንም እዚያው ግቢ ውስጥ አንዴ አስነሱበት።